የአዋቂው ውሸት

«አፉ ነው የበላት። ፊተኛዋን የበላት የሱ አፍ ነው፤ ይቺንስ እንጃ።»

አማቱ ይህን ያሉት በማለዳ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ስልካቸውን በጆሯቸውና በትከሻቸው መሀል አጣብቀው ጡጦ እየቀቀሉ ነው። በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው ታናሽ እህታቸው ናት፤ ሁለቱ በየማለዳው ሳያወጉ ቀኑ የነጋ አይመስላቸውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነውና። የዚያን ዕለት ግን ጆሮ ለባለቤቱ ዘመድ ሆነ። ሰውየው ያጠባቸውን የሕፃን ጨርቆች በባልዲ ይዞ ከኩሽናው በር ጀርባ ደርሶ ነበርና እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ገብቶ «ምን አሉ እማማ?» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ዝም አይነቅዝም ብሎ፣ ባልዲውን እንደያዘ በእግሩ ጣቶች ወደ ሳሎን ተመለሰና ጨርቆቹን አንድ በአንድ ማስጣት ጀመረ።

ክረምቱ ሰውን አማርሮታል። ፀሐይ ከጠፋች ሰንብታለች፤ ውጭ የተሰጣ ልብስ ከታጠበበት ጊዜ ይልቅ ረጥቦ ይገባል። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ማጠፊያ እስከ ግድግዳ ሰዓቱ ሚስማር ድረስ ገመድ ተወጥሯል፤ ቴሌቪዥን ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ሁለት ጨርቅ እንደ መጋረጃ መግለጥ አለበት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ከሶፋው ጀርባ ግድግዳው ሻግቷል፤ አማቱ በየቀኑ ይጠርጉታል፣ ሻጋታውም በየቀኑ ይመለሳል፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰለች እንጃ። መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት ወር ያልሞላት ሕፃን ተኝታለች። ገና ስም አልወጣላትም። ሁሉም «እንግዳዋ» ነው የሚላት። መጀመሪያ ለቀልድ የተባለ ነበር፤ እያደር ግን ሌላ ስም እናውጣላት የሚል ሰው ጠፋ። እንግዳ ደግሞ፣ ደፍሮ የሚናገረው አይኑር እንጂ፣ የሚሄድ ነው።

ሚስቱ ያን ዕለት ከወሊድ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሥራዋ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ መመለሷ ነበር። እሁድ ተረኛ ናት። እሱ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ቤት ሊውል፣ እናቷም ሊያግዙት ተስማምተዋል። ጃንጥላዋን ይዛ በር ላይ ቆመች፤ ወጥታ ተመለሰች፤ ደግሞ ቆመች።

«ተኝታለች» አለችው።

«ተኝታለች» አላት።

«ጠብታለች እኮ።»

«አውቃለሁ። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

በዚያ ቤት ስለ ሕፃኗ የሚነገረው ይኸው ብቻ ነው፤ ተኝታለች፣ ጠብታለች፣ አልቅሳለች። «ስታድግ» የሚለውን ቃል ማንም አይደፍረውም። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ያመጣችው ቀሚስ እንኳ፣ ቢጫ ሆኖ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው፣ ለዓመት ልጅ የሚሆን፣ «ትንሽ ቆይቶ ይሆናታል» ተብሎ በተሰጠ በዚያው ቅጽበት አማቱ ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ጎረቤቷ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከአሮጌ ሻንጣ ጀርባ ወርውረውታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀሚሱ ያነሳ የለም።

ሰውየው ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። የጎልፍ ፍቅር የያዘው ደግሞ፣ ይገርማል፣ ከጣሪያ ላይ ነው። ከጎልፍ ሜዳ አጠገብ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ሊፍት አመለኛ ነበርና በየሳምንቱ ይጠራ ነበር። የሊፍቱ ሞተር ያለው ጣሪያው ላይ ባለች ክፍል ነው፤ ክፍሏ መስኮት አላት፤ መስኮቷ ሜዳውን ታያለች። እጁን ቅባት ነክቶት፣ ምሳውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰዎች ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ መትተው እሷኑ ፍለጋ ሲንከራተቱ ሲያይ ዋለ። መጀመሪያ ሳቀባቸው። ኋላ ነፋሱ ኳሷን ወዴት እንደሚወስዳት፣ የትኛው ተጫዋች ከመምታቱ በፊት ትከሻው እንደሚከዳው ማወቅ ጀመረ። ሳያስበው ለከፈው። በሕይወቱ ዱላ ጨብጦ አያውቅም። ሜዳውንም የረገጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ አቋራጭ ሲፈልግ፣ ዘበኛ አባረረው። ያው ዘበኛ በኋላ የልብ ወዳጁ ሆነ።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ረግረግ ሆኖ ይዘጋል። ያን ጊዜ ፀሐይ ባለበት አገር የሚደረጉትን ውድድሮች በቴሌቪዥን ማየት ነው። ዘበኛው፣ ሁለት ሊፍት ጠጋኞችና አንድ ባለታክሲ ሆነው ስልካቸው ላይ ቡድን አበጁ፤ በክረምቱ መግቢያም እሱ በድምፁ፣ የትኛውን ውድድር ማን እንደሚያሸንፍ እየተነተነ ይልክላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ አይስትም። ስሙን ትተው «አዋቂው» አሉት። እሱም ወደደው፤ ሰው ሲያሞግሱት የማይወድ ማን አለ?

ካቻምና ሚስቱ ፊተኛዋን ልጅ አርግዛ፣ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። የክረምቱን ትንበያ ሲልክ መጨረሻው ላይ እየሳቀ፣ «በሉ ደግሞ ይህን ያዙልኝ፤ በእኔ ቤት ግራኝ ተጫዋች ትወለዳለች፤ አድጋ ዋንጫ ታነሳለች» አለ። ሁሉም ሳቁ። አማቱም ሰምተው ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም፤ «አታሟርት» ብቻ አሉት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነ። ያን ክረምት የተነበየው ውድድር ሁሉ አንድም ሳይስት ደረሰ። የመጨረሻው ዕለት እንደዛሬው እሁድ ነበር። ሚስቱ ሕፃኗን አስተኝታ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። እሱ ልጅቷ እንዳትነቃ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ፣ በካልሲ ብቻ ሆኖ ያይ ነበር። የእሱ ሰው የመታት ኳስ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አመነታችና ገባች። በደስታ ዘለለ፤ ያለ ድምፅ። ከዚያ «አሸነፍን» ሊላት በጣቶቹ እየተራመደ መኝታ ቤት ገባ።

አልነቃችም። ሐኪሞቹ እንዲህ የሚሆኑ ሕፃናት አሉ፣ ምክንያቱ አይታወቅም አሉ። እሱ ግን ምክንያቱን አገኘሁት አለ፤ ለማንም አልነገረም እንጂ። ውጭ የተናገረው ሲሰምርለት ቤት ውስጥ የተናገረው ይፈርሳል፤ አፉ ያለው ዕድል አንድ ነው፣ እሱንም ጎልፍ ላይ ጨረሰው። የሚያስቅ ሐሳብ ነው? ነው። ልጁን ያልቀበረ ይሳቅ።

ዘንድሮ ይቺኛዋ ስትወለድ ታዲያ አንድ ነገር አደረገ፤ ዋሸ። ወዳጆቹ ትንበያ አምጣ ሲሉት እምቢ ቢል ይጠረጥራሉ፤ ደግሞም ዝምታ አፉን አይሽረውም፤ የሚሽረው ስህተት ነው። ስለዚህ ለየውድድሩ እንደማያሸንፍ እርግጠኛ የሆነበትን ሰው እየፈለገ፣ በዚያ በሚታወቅ ድምፁ ተንትኖ ላከ። እየሳተ ሄደ። «አዋቂው አረጀ» አሉ። «ልጅ ሲወለድ የአባት ዕውቀት በጡጦ ይወጣል» አለ ባለታክሲው። እየሰደቡት እሱ እፎይ ይል ነበር። አንድ ውድድር በሳተ ቁጥር ሕፃኗ ጉንጯ ሞላ ያለ ይመስለዋል። ምላሱ የተራ ሰው ምላስ ሊሆን አንድ ውድድር ቀረው። ለእሱም «አንካሳውን» መርጧል፤ ጉልበቱን ተቀዶ የተሰፋ፣ ካሸነፈ ዘመን የሆነው፣ እንዲያውም ለምን እንደሚጫወት ሰው የሚጠይቀው ሽማግሌ ተጫዋች ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሕፃኗ ጡጦዋን ጠጥታ ከተኛች በኋላ፣ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ዘበኛው ነው።

«አንተ አዋቂ! ቴሌቪዥን አትከፍትም እንዴ? ሰውዬህ እየመራ ነው።»

«የቱ ሰውዬዬ?»

«አንካሳው ነዋ! እኛ አበድክ ስንል ለካስ አንተ ታውቅ ኖሯል።»

ስልኩን ዘግቶ ሁለቱን ጨርቆች ገለጠና ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ እጁ በልማድ ድምፁን አጠፋ። እዚያ ፀሐይ ነው። ሣሩ ያበራል፤ ሰዉ በእጅጌ ጉርድ ነው፤ አንካሳው ጉልበቱን በጨርቅ ጠፍሮ፣ እያነከሰ፣ ከሁሉም ፊት ይሄዳል። እዚህ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። አማቱ ጥግ ላይ እርጥቡን ጨርቅ በካውያ እየተኮሱ ያደርቃሉ፤ ካውያው ባረፈ ቁጥር እንፋሎቱ ይጮሃል። ጠዋት ከተናገሩት ወዲህ አይን ለአይን አልተያዩም፤ እሳቸው መሰማታቸውን አያውቁም፤ ቢሆንም ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ሁለቱም ይሰማቸዋል።

ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ግቢ ግቢ እያለ ኖሮ፣ አንድ ቀን አትግቢ ብሎ ሲለምን ማየት ያሳዝናል። አንካሳው ዱላውን ባነሳ ቁጥር ሰውየው ሶፋውን ጨብጦ፣ በልቡ «ሳት፣ እባክህ ሳት» ይል ነበር። ትከሻው እንዲከዳው ጠበቀ፤ ያ ትከሻ ሲከዳ ስንት ጊዜ አይቷል! ዛሬ አልከዳውም። ኳሷ አሸዋ ውስጥ ገባች፤ ተመስገን አለ። አንካሳው አሸዋውን ጨልፎ አወጣት። በመሀሉ ደግሞ ሰዓቱን አየ፤ ልጅቷ ከልማዷ በላይ ተኝታለች። ሄጄ ልያት አለ። ተነሣ። ተቀመጠ። ብሄድና እንደ ፊተኛዋ ብትሆንስ? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ተረት ጭንቅላቱ ውስጥ ይመላለስ ጀመር። አማቱ ቀና ብለው አዩት፤ መተኮሳቸውን ቀጠሉ።

የመጨረሻው ኳስ ከጉድጓዱ ሩቅ ነበር። እሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ስንቱን አይቷል፤ እንዲህ ካለ ቦታ፣ ሣሩ ወደ ታች እያዘመመ፣ በዚያ ዕድሜና በዚያ ጉልበት አይገባም። አንካሳው ጎንበስ አለ፣ መታት። ኳሷ መንገድ ሳተች፤ ሰውየው ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ሣሩ ራሱ መለሳት። ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ አፉ ላይ አመነታችና ገባች።

ሰዉ ሲጮህ ይታያል፤ ድምፅ የለም። ስልኩ ሶፋው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ «አዋቂው ተመለሰ» እያሉ ነው መሰል። አላነሳውም። በካልሲ ሆኖ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ጭር ብሏል፤ ያው ጭርታ ነው፣ ያውቀዋል። እጁን በሩ ላይ አደረገ፤ መግፋት አቃተው። ከሩቅ የሚያየው ሰው በር ተቆልፎበት የሚጠብቅ ሊመስለው ይችል ነበር። ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም፤ ካውያው መጮሁን ሲያቆም ነው አማቱ ከጀርባው መቆማቸውን ያወቀው።

«ምን ሆነሃል?»

«እማማ፣ እርስዎ ይግቡ።»

«አልቅሳለች እንዴ?»

«አላለቀሰችም። እሱ ነው እኮ። ሰውዬው አሸነፈ።»

«የቱ ሰውዬ?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

ነገራቸው። በሹክሹክታ፣ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ፣ ሁሉንም ነገራቸው፤ ያን ክረምት እንዴት አንድም እንዳልሳተ፣ ዘንድሮ እንዴት ሆን ብሎ እንደዋሸ፣ አፉን ሊሰብረው እንደነበር፣ አፉ ግን ሲዋሽ እንኳ እውነት ሆኖ እንደወጣ። «ጠዋት ያሉት ልክ ነው» አላቸው። «ሰምቻለሁ። ልክ ነዎት።»

ከአማቱ እጅ የተኮሱት ጨርቅ አለ፤ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል።

«ያን ጊዜ ለቅሶ የመጡትን ሴቶች አላየሃቸውም» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ወንዶቹ ጋ ነበርክ። ማን አስተኛት አሉ። በጎኗ ነው በጀርባዋ አሉ። ምን አለበሰቻት፣ ምን በልታ አጠባቻት አሉ። ሰው እኮ ምክንያት ሳይዝ ከለቅሶ ቤት አይወጣም። ልጄ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። አስተኝታት የወጣችው እሷ ናት፤ እጇን ነበር የምታየው።» ጨርቁን ደግመው አጠፉት። «ያንተ አፍ ባይሆን የልጄ እጅ ነበር የሚባለው። እና እኔ፣ አፉ ነው አልኩ። ቶሎ ብዬ አልኩ። አንተ ወንድ ነህ፣ ትችለዋለህ ብዬ።»

«እና እስከዛሬ?»

«ሲደጋግሙት እውነት ይመስላል። ጠዋት ግን ፈርቼ ነው፤ ልጄ ዛሬ ወጣች፣ ይቺ እኔና አንተ ላይ ቀረች፤ ፈራሁ።»

ተናደደ። እንዴት አይናደድ? ይህን ሁሉ ጊዜ የእሱ ያልሆነ ሸክም ጫንቃው ላይ አስቀምጠው፣ እሱም የኔ ነው ብሎ ተሸክሞት ኖሯል። ሊጮህባቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ ሚስቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እጇን ስታይ ታየችውና የተሸከመው ነገር ለምን እንደሆነ ገባው። ሌላ ሰው ቢጠይቀው ራሱም ይሰጥ ነበር። ብቻ ቢጠይቁት ምን ነበረበት?

«እሷ ታውቃለች?» አለ።

«እንጃ። አንዳንዴ ዝም ብላ ታየኛለች።» ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «በል ና። ብቻዬንማ አልገባም፤ እኔም እኮ ያው ነኝ።»

በሩን አብረው ገፉት። እንግዳዋ ነቅታ ነበር። አታለቅስም። አንዱን እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ፣ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አፍጥጣ ታያለች፤ ሲገቡም ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ ሥራ ላይ ነች። አማቱ አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ሰውየው እግሯን በመዳፉ ያዘ፤ ሞቃት ነው። ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ፤ ድምፅ ማጥፋት ለምዶበታል። ያን ጊዜ ብቻ ነው ልጅቷ መዘንጋቷ ትዝ ያላት መሰለኝ፣ ጉሮሮዋን ከፍታ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። እንዲህ ያለ ጥሩ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም።

ሚስቱ ሲመሻሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷ ጫፉ በጭቃ ተረጭቶ ገባች። እናቷ ወንበር ላይ ቆመው ከቁም ሳጥኑ አናት ሻንጣ እየገፉ ነው። ባሏ ልጅቷን አቅፎ ከሥር ወንበሩን በእግሩ ደግፏል።

«ምን ሆናችሁ? ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች» አሉ እናቷ አቧራው እያስነጠሳቸው። ቢጫውን ቀሚስ አወጡት። ተጨማዷል፤ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ወርደው ሳሎን ወሰዱት፣ ካውያውን ሰኩ፣ ደረቱ ላይ ያለችውን ኪስ ሳይቀር አቃንተው ተኮሱት፤ ከዚያ በገመዱ ላይ፣ በነጫጭ ጨርቆቹ መሀል ሰቀሉት። ሚስቱ ቀሚሱን አየች፤ እናቷን አየች፤ ባሏን አየችው። ጫማዋ አሁንም እጇ ላይ ነው።

ሰውየው ልጅቷን ወደ ቀሚሱ አስጠጋት። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ትንበያ ሲልክ እንደሚያደርገው። ሚስቱ ይህን ጉሮሮ ማጥራት ታውቀዋለች፤ ፊቷ ሲለወጥ አየ፤ ልታስቆመው እጇን ስታነሳ አየ። ቢሆንም ተናገረ፤ እየፈራ፣ ድምፁ እየተሰበረ ተናገረ።

«በሚመጣው ክረምት» አለ፣ «ይሄ ቀሚስ ለልጄ ይጠባታል።»

«አሜን» አሉ አማቱ፣ ቶሎ ብለው፣ ሌላ ሰው ሌላ ነገር እንዳይልባቸው።

ማሞቂያው ይንጣጣል፤ ከቀሚሱ ገና እንፋሎት ይወጣል። ሚስቱ ጫማዋን መሬት አስቀመጠች። መጥታ ቀሚሱን ከገመዱ ሳታወርድ ጫፉን ያዘች፣ በልጅቷ ትከሻ ላይ ዘረጋችው፣ አንገቱን ለካች፣ ጎኑን ለካች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ስታሰላ ቆየች።

«አይጠባትም» አለች። «የኔ ዘር ቀጭን ነው። በሚመጣው ክረምት ይሰፋታል። ተሳስተሃል።»

ክረምቱን ሙሉ ተሳስተሃል እንዲባል ሲለፋ ከርሞ፣ አሁን ተባለ። ልጅቷን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገና ሚስቱን አያት።

«እናያለን» አላት።